ያልተሰደበችው እናቴ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ልጄ ቤዛ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ቁርሷን ገፋ አድርጋ ስልኬን ለመነችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ድምፅ ልትሰጥ ነው። የምትወዳቸው የኮሪያ ዘፋኞች ለሽልማት ታጭተዋል፤ ምርጫው የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ በራሷ ታብሌት የተፈቀደላትን ድምፅ ደግሞ ጨርሳለች። ጃካርታ የምትኖር፣ በአካል አይታት የማታውቅ አንዲት ልጅ እንደ ቡድን መሪ ሆና «ዛሬ ማንም እንዳይሰንፍ» የሚል መልእክት ለሁሉም ልካለች። «ከተሸነፉ እኮ የእኛ ጥፋት ነው» አለችኝ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። እንደሚገባኝ ነገርኳት። «ኖ ማሚ፣ ዩ ዶንት» ብላኝ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አልተከራከርኳትም። የሲልቨር ስፕሪንግ የእግረኛ መንገድ በወደቀ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ቅጠሉን በጫማዋ እየበተነች ስትሮጥ በመስኮት አያት ነበር። ከዚያ ሳህኗን እያጠብኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህች ልጅ ስለ አያቷ የማታውቀው ነገር አለ። እሷ ሳትወለድ በአንድ የመከር ወቅት፣ ከሴኡል እስከ ማኒላ፣ ከባንኮክ እስከ ሃኖይ፣ እንደ እሷ ያሉ ልጆች የአያቷን ፊት ለይተው ያውቁት ነበር። ነግሬያት አላውቅም። ለምን እንዳልነገርኳት እኔም አላውቅ፤ ኩራት አንዳንዴ እንደ ጥሩ ልብስ ነው፣ ለደህና ቀን ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆያል።

ያኔ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነበር፣ ከሴሚናሪ ሮድ ገባ ብለው ከተደረደሩት የቡናማ ጡብ አፓርታማዎች በአንዱ። አባቴ ዲቪ ደርሶት ይዞን መጥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተ። እኔና እናቴ እታገኘሁ ብቻ ቀረን። እሷ ኦልድ ታውን ውስጥ ባለ ሆቴል ሀውስ ኪፒንግ ትሠራ ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ክፍል በሌለኝ ቀን ደግሞ አናንዴል በሚገኝ የኮሪያውያን ዳቦ ቤት እሠራለሁ።

አናንዴል ማለት የኮሪያ ፊደል ከእንግሊዝኛው በልጦ የሚታይባት ሰፈር ናት። ከመካከሉ ደግሞ ድንገት የእኛው ፊደል ብቅ ይላል፦ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ገንዘብ መላኪያ። ከአውቶቡስ ስወርድ አንደኛው የአፍንጫዬ ቀዳዳ በርበሬ፣ ሌላኛው የተጠበሰ ሰሊጥ የሚሸተው ይመስለኝ ነበር። ዳቦ ቤታችን ውስጡ በጣፋጭ ቀይ ባቄላ የተሞላ ለስላሳ ዳቦ ይሸጣል፤ ጠዋት ትሪው ከምድጃ ሲወጣ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል። ከደንበኞቹ መካከል ሸምገል ያሉት የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራና «አያትሽ ኮሪያ ዘምተው ነበር?» ይሉኛል። «የለም፣ አያቴ ደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ» እላለሁ። ትንሽ ቅር እያላቸው ዳቦአቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

የባለቤቶቹ ልጅ ሱጂን እኩያዬ ነበረች። የኮሪያን ድራማ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ እናቴን አስተማርኩ። ማታ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሥር የሚሮጠውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። ብዙ ጊዜ ትቀድመኛለች። አማቲቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ገና ሳትናገር «እንደዚህ ልትላት ነው» ትለኛለች፤ ልክ እንዳለችው ይሆናል። የክፉ አማት ቋንቋ ትርጉም አይፈልግም።

ያን ጊዜ የያዝነው ድራማ ላይ ምራቲቱን ሆና የምትሠራው ሶሪ የምትባል ልጅ ነበረች። ሥራዋ ዘፈን ነው፤ ትወና የጀመረችው ቆይታ ነው። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ስነግራት እናቴ «ምን አጥፍታ ነው ስሟ ሶሪ የሆነው?» ብላኝ ነበር። በኮሪያኛ ድምፅ ማለት እንደሆነ ሳስረዳት ተቀበለችው፤ የድምፅዋን ነገር ራሷም ሰምታዋለች።

እናቴ በልጅነቷ መርካቶ አካባቢ ሲኒማ ቤት ገብታ የህንድ ፊልም እያየች ስታለቅስ ያደገች ሰው ናት። ስለዚያ ዘመን ተዋንያን ስታወራ ስለ ከዋክብት እንጂ ስለ ሰዎች የምታወራ አይመስልም። ፎቶአቸውን ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ታያለች፤ በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ እነሱም አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ውስጥ የምታለቅስላቸው ልጅ መኖሯን አያውቁም። ሶሪ ግን ጠዋት ስትነሳ ምን እንደበላች ፎቶ አንስታ ፖስት ታደርጋለች። ጉንፋን ከያዛት ያዘኝ ትላለች። እናቴ «ዝንጅብል በማር ትጠጣ በያት» ትለኝና እጽፍላታለሁ፤ እንደ እኔ ከየአገሩ የሚጽፉት መዓት ናቸው። ማየት ብቻም አልነበረም። ድራማው በወጣ ማግስት ቃሉን በየቋንቋው የሚመልሱት ደጋፊዎቹ ራሳቸው ነበሩ፣ ያለ ደመወዝ፣ ከትምህርትና ከሥራ በተረፈ ሰዓት። እኔም ከእነሱ ጋር ገብቼ ጥቂት ክፍሎችን ወደ አማርኛ መልሻለሁ። ጆይ የምትባል የማኒላ ነርስ ሥራውን ታከፋፍለን ነበር። ጆይን እስከ ዛሬ በአካል አላየኋትም፤ እህትሽ ማን ናት ቢሉኝ ግን ከምቆጥራቸው አንዷ እሷ ናት።

እንግዲህ በዚያ መስከረም፣ ሙቀቱ ሰበር ባለበት ሰሞን፣ ሶሪ አናንዴል መጣች። የኮሪያ ማኅበረሰብ በየዓመቱ ትልቁን የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ዘግቶ በዓል ያደርጋል፤ የዚያን ዓመት እንግዳ እሷ ሆነች። እናቴ ያን ቅዳሜ ኦፍ ነበረች። ሰማያዊ ጃኬቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ለሶሪ የምትላትን ስታሰላስል ነበር። «ያቺን አማትሽን አትፍሪያት እላታለሁ» አለችኝ። ድራማ እንደሆነ አስታወስኳት። «ድራማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይነገራት» አለች።

ፓርኪንጉ በጭስና በሰው ተሞልቷል። ዶሮ በእንጨት እየተሰካ ይጠበሳል፤ በትልቅ ብረት ድስት በቀይ በርበሬ የሚንተከተክ የሩዝ ቂጣ ይሸጣል፤ እናቴ ቀምሳ «ወጡ ደህና ነው፣ እንጀራው ጠጥሯል» ብላ ፈረደች። መድረኩ ዝቅ ያለ ነው፤ ፊት ለፊቱ የብረት አጥር ቆሟል። ሱጂን ቀድማ ቦታ ይዛልን ስለነበር እናቴ አጥሩን ተደግፋ ቆመች፣ እኔ ከጎኗ።

ሶሪ ሁለተኛ ዘፈኗን ስትጀምር ወደ መድረኩ ጫፍ መጣችና ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች። እናቴም ያዘቻት። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ስልካቸውን ሽቅብ አንስተው ገፉ። ክፉ አልነበሩም፣ ሁሉም ትንሽ መቅረብ ብቻ ነው የፈለገው፤ ሁሉም ትንሽ ሲቀርብ ግን ፊት ያለው ሰው የሚሄድበት የለውም። እኔ ወደ ጎን ተወሰድኩ። የእናቴ ደረት ብረቱ ላይ ተጣብቆ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። ልደርስባት አልቻልኩም። ስሟን ስጣራ ድምፄን ሙዚቃው ዋጠው።

ያየቻት ሶሪ ናት። እናቴ ሰው ሲሰምጥ ያገኘውን እንደሚጨብጥ እጇን ጨብጣ አልለቅ ብላለች። ሶሪ እጇን በኃይል መንጭቃ አስለቀቀች፣ ማይኩን ወደ አፏ አምጥታ «ወደ ኋላ» ብላ ጮኸች፤ ደጋግማ ጮኸች። ፊቷ ተቆጥቶ ነበር። ሙዚቃው ቆመ። አስተናጋጆቹ ሮጠው አጥሩን ከፈቱትና እናቴን በጎን በኩል አወጧት። ልክ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሶሪ ከመድረኩ ዘላ ወርዳ ፊቷ ተንበረከከች። የውሃ ጠርሙስ ክዳን በጥርሷ ከፍታ አጠጣቻት፤ በወረቀት አናፈሰችላት። እናቴ ትንፋሽ ሲመለስላት መጀመሪያ ያለችው «ያቺን አማትሽን አትፍሪያት» ነው። እኔ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሱጂን ወደ ኮሪያኛ መለስንላት። ሶሪ ሳቀች፤ እየሳቀችም ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ተመልሳ ወጥታ የቀረውን ዘፈነች። እኛም በደስታ ወደ ቤታችን ሄድን።

ሰኞ ከሰዓት ሱጂን ኮል አደረገችልኝ። «አይተሻል?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

ወዲያው የላከችልኝ ቪዲዮ የሚያዛጋ ሰው አፉን ከፍቶ እስኪዘጋ አይሞላም። ሶሪ ስትዘፍን ይጀምራል፤ እጇን ከአንዲት ጥቁር ሴት እጅ ስትመነጭቅ ያሳያል፤ ፊቷ ተቆጥቶ «ወደ ኋላ» ስትል ያልቃል። ከሱ በፊት ያለው ግፊያ የለም። ከሱ በኋላ ያለው ውሃ የለም። ከሥሩ «ሶሪ ጥቁር አያት ስትሰድብ» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ስንተኛ እስያ ነቅታ ነበር፤ እኛ ስንነሳ ነገሩ አልቆ ነበር።

አዋቂን ማቃለል በኮሪያ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማስታወቂያ ያሠሯት ድርጅቶች ፎቶዋን አወረዱ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ከድራማው ሊያወጣት ነው ተባለ። ትናንት ስሟን ግንባራቸው ላይ አስረው ሲያለቅሱላት የነበሩ ልጆች አልበሟን ሲሰብሩ ራሳቸውን ይቀርጹ ጀመር። እኔ፣ ሱጂንና ጆይ የሆነውን ጻፍን። «ደጋፊዎቿ ስለሆናችሁ ነው» ተባልን። ቦታው ላይ ነበርኩ ስል፣ ማንም ሊል ይችላል አሉኝ። ሌሎች ያዩ ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ ስልክ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ማን ይናገር? ለእሷ የተናገረ ሁሉ አብሮ ይሰደብ ነበር። ከዋክብቱ ቅርብ በሆኑበት ዘመን ድንጋይ መወርወሪያውም ቅርብ መሆኑን ያን ሳምንት ተማርኩ።

የእናቴ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ወሬው ከእስያ ዞሮ እኛ ሰፈር ገባ። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች በረቡዕ ጸሎት ላይ እጇን ይዘው አለቀሱላት። «እትዬ እታገኘሁ፣ አይዞዎት፣ ጌታ ያየ ነገር ነው» ይሏታል። ባልተሰደበችው ስድብ ስትጽናና መዋሏ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው ደውሎ ሰልፍ ልናደርግልሽ ነው አላት። ሆቴል ያሉ የሥራ ጓደኞቿ ብሬክ ሩም ውስጥ ኬክ ገዝተው ጠበቋት። ደጋግማ «አልሰደበችኝም እኮ» ትላለች፤ ሰው ግን ደግነቷን አድንቆ ያልፋል። ሁሉም አዝኖላታል፤ የሚሰማት ግን የለም። ከሁሉ ይልቅ ያበሳጫት ያ «አያት» የሚለው ቃል ነበር። «ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የማን አያት ነኝ?» ትለኛለች፣ የጻፍኩት እኔ ይመስል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤት ተቀምጠን ሳለ ጆይ መልእክት ላከችልኝ። የሶሪ እናት ከሴኡል ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ ፓስታ የሚመስል የሾርባ ምግብ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰዎች ምግብ ቤቱን አግኝተው በሩ ላይ ስድብ ለጥፈዋል፣ እንቁላል ወርውረዋል፤ ሴትዮዋ ዘግታ ወደ ዘመድ ሄዳለች። ለእናቴ አነበብኩላት። የታጠበ ፎጣ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

«እናቷን ምን አርጊ ነው የሚሏት?» አለችኝ።

«ለምን እንዲህ ያለች ልጅ ወለድሽ ነው።»

ፎጣውን አጥፋ ጨረሰችና ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠችው። «ያን መቅረጫሽን አምጪ» አለች።

አጎቴ ጋሽ ታደሰ እዚያው ነበሩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ እሁድ ምሳ ከእኛ ጋር ነው የሚበሉት። እግራቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እታገኝ፣ አንቺ ምን አገባሽ?» አሏት። «ኮሪያና ኮሪያ ይጨራረሱ።»

«የሚጨራረሱት በእኔ ስም ነዋ።»

«ነገ ሥራ ቦታሽ ቢያዩትስ? ችግር የምትፈጥር ሴት ናት ቢሉሽስ? የማያውቅሽ ሁሉ ሲሰድብሽ ነው የሚውለው።»

«እስካሁን የሚያዝኑልኝስ ያውቁኛል እንዴ?» አለችው። «ታዴ፣ ይቺ ልጅ ባታየኝ ኖሮ ዛሬ አንተ እዚህ የመጣኸው ለምሳ አይደለም።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «ማህሌት፣ አንቺ እንኳ ምከሪያት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔም ፈርቻለሁ» አልኳቸው። «ግን እርስዎ ያውቋታል፤ አንዴ ከወሰነች እኔን አትሰማም።» እውነቴን ነው፤ በጣም ፈርቼ ነበር። ያን ሳምንት ሰው በሰው ላይ የሚጽፈውን ሳነብ ነበርና የከረምኩት።

ሱጂን ከአናንዴል መጣች። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንደለበሰች ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጽሑፍ ላዘጋጅልሽ ብላት እምቢ አለች። ከላፕቶፑ ጀርባ ሆኜ «እማዬ፣ ጀምሪ» አልኳት። ድምፄ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ አብሮ ተቀርጿል።

እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦

«ስሜ እታገኘሁ ይባላል። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። እዚያ ቪዲዮ ላይ የምታዩዋት ሴት እኔ ነኝ። አያት ያላችሁኝ እኔን ነው፤ የልጅ ልጅ የለኝም፣ እግዚአብሔር ሲሰጠኝ ያን ጊዜ ትሉኛላችሁ። ልጅቷ አልሰደበችኝም። ከኋላ ሲገፉን ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። እጇን ይዤ አልለቅም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ያስለቀቀችው ሰው ለመጣራት ነው። ወደ ኋላ ያለችው እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ያሉትን ነው። ከዚያም ወርዳ በእጇ ውሃ አጠጣችኝ። ስለ እኔ ብላችሁ የተቆጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ የሰው አገር ሰው ተበደለች ብላችሁ መቆጣታችሁ ደግ ነው። እኔ ግን ያልተሰደብኩትን ስድብ አልሸከምም። እናቷም ትክፈት ቤቷን። ልጅ አሳድጋለች፤ ጥሩ አድርጋ ነው ያሳደገቻት።»

ከዚያ «በቃኝ» አለችኝ።

እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ ሱጂን ወደ ኮሪያኛ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» የሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን፤ ምስጋና ነው፣ ምርቃት ነው፣ በደግነት መሰናበትም ነው። ሱጂን አንድ የኮሪያ ቃል አገኘችለት፣ ሲነበብ እናቷ የምትለውን ይመስላል አለችኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፖስት አደረግነው።

መጀመሪያ የመጣው ደስ አይልም። ተከፍሏት ነው አሉ። ሴትዮዋ እሷ አይደለችም፣ ጥቁር ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል አሉ። ለእናቴ አላነበብኩላትም፤ አልጠየቀችኝምም። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ምሳዋን ቋጥራ ሥራ ሄደች።

ኋላ ግን አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሴንተርቪል የምትኖር የኮሌጅ ተማሪ፣ ከእኛ ኋላ ቆማ የነበረች፣ የእሷን ቪዲዮ አወጣች፤ ግፊያው ሙሉውን አለ። «ፈርቼ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት፤ እናትየዋ ካልፈሩ እኔ ምን ሆኜ ነው የምፈራው» ብላ ጽፋበታለች። ከዚያ ሌላ ሰው ወንበሩንና ውሃውን አወጣ። ጆይና የማኒላ ልጆች ሁሉንም በሰዓታቸው አሰልፈው አንድ ላይ ገጠሟቸው፤ በመጨረሻው ላይ የእናቴን ንግግር አስቀመጡ። የታይ ልጆች በታይኛ፣ የቬትናም ልጆች በቬትናምኛ፣ የጃፓን ልጆች በጃፓንኛ ጻፉበት። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አስተማሪው ሲያስተምር፣ የእናቴ አማርኛ ከሥሩ አንብቤ በማላውቀው ፊደል እየተመለሰ ሲሮጥ አየሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛዋ ተሰባብሮ ቢሮ ለቢሮ አብሬያት ስዞር፣ አስተርጓሚዋ ሆኜ ስናገርላት ነው ያደግኩት። ያን ቀን ተርጓሚዎቿ አንድ ሠራዊት ሆኑ፤ እሷ ደግሞ አንዲት ቃል ከቋንቋዋ ሳትወጣ ነበር የተናገረችው። ዴስኩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ፈተና የወደቅኩ መስሎት አጽናናኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ነገሩ ተገለበጠ። ፎቶዋ ተመለሰ፤ ከድራማው አልወጣችም፤ የመጀመሪያውን ቪዲዮ የለጠፈው ገጽ ጠፋ። የምግብ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ስድቡ ተነስቶ የእናቴ ንግግር የመጨረሻ ቃል፣ «ጥሩ አድርጋ ነው ያሳደገቻት» የሚለው፣ በትልቅ የኮሪያ ፊደል ተለጥፎ በፎቶ አየነው። ደጋፊዎቹ ሄደው ነው የለጠፉት፤ መስኮቱንም አጥበውታል።

ሆቴሉ ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት እንግዳ እናቴን ኮሪደር ላይ ከፎጣ ጋሪዋ ጋር አገኘቻትና ቆም ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወገቧን አጥፋ እጅ ነሳቻት። እናቴም ባለጌ እንዳትባል እጅ ነሳች። ሴትዮዋ እንደገና ነሳች፤ እናቴም እንደገና። «ፎጣ ሳላስገባ ሊመሽብኝ ነበር» ብላ ነገረችኝ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ከኤርፖርት የእስያ መልክ ያለው ሰው በጫኑ ቁጥር በመስታወት እያዩ «ሶሪን ታውቃታለህ?» ማለት ጀመሩ። የሚያውቅ ከተገኘ «ያቺ ሴት እህቴ ናት» ይላሉ፤ ቪዲዮው እንዲቀረጽ ያስፈቀዱት እሳቸው እንደሆኑም ሳይጨምሩ አይቀሩም።

በወሩ መጨረሻ ሶሪ በቀጥታ ስርጭት ወጣች። በእሷ ምሽት ነው፣ በእኛ ጠዋት፤ እናቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሻዩዋን ይዛ ኩሽና ውስጥ ከጎኔ ቆማ አየች። ሶሪ ከስታለች። ያለ ሜካፕ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ብዙ አልተናገረችም። ድምፅዋን ያጣች መስሏት እንደነበር ተናገረች። ከዚያ አንድ ወረቀት ሳትይዝ፣ ሳትሳሳት፣ ቀስ ብላ በአማርኛ «እማዬ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

እማዬ የሚለውን ያገኘችው ከቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ከእኔ ድምፅ ነው። ስሟ መስሏት ይሁን ትርጉሙን ጠይቃ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን እስያ ውስጥ እናቴን አያት ያላት ሰው የለም፤ ሁሉም እማዬ አሏት። እናቴ ሻዩዋን አስቀመጠች፣ መነፅሯን አወለቀች፣ ጠረገች። «ከስታለች፤ ትብላ በያት» አለችኝና አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ወጣች።

ይኸው ስንት ዓመት አለፈ። ሶሪ አሁን ብዙም አትዘፍንም፤ አግብታ ወልዳለች ይባላል። እናቴ ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ እግዚአብሔርም የልጅ ልጅ ሰጥቷት በተራዋ አያት መባልን ለምዳዋለች። የዝናና የደጋፊ ነገር ሲነሳ ሰው ዘመኑን ያማርራል፤ እኔ ማማረር አልችልም። ሰውን በአንድ ቀን የሚያወርደውን ማዕበል ከሩቅ ሳይሆን ከሶፋችን ላይ አይቼዋለሁ። ግን ማዕበሉን የቆረጠው ትልቅ ኃይል አልነበረም፤ ሊያዝኑላት የፈለጉትን ሁሉ አመስግና እውነቱን ያስቀደመች አንዲት ሴት ናት። የተበዳይ ወንበር ሲቀርብለት እምቢ ብሎ የቆመ ሰው ከእሷ በኋላ ብዙም አላየሁም። በተማርኩት ሁሉ፣ በሠራሁትም ሁሉ፣ የዚያች ሴት ልጅ ከመሆን የበለጠ የምኮራበት የለኝም።

ቪዲዮው ዛሬም አለ። አልፎ አልፎ አስተያየት ይገባበታል፤ ያኔ ልጆች የነበሩ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ባለፈው ወር ባንዱንግ ከምትባል ከተማ አንዲት ሴት «እማዬ እንዴት ናቸው?» ብላ ጽፋ ነበር። እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ጉልበቷን ቅባት ስትቀባ ነበርና ምን ልበላት ብዬ ጠየቅኳት።

«ደህና ነኝ በያት» አለችኝ። ከዚያ ቀና አለች። «እነሱስ ደህና ናቸው? እናቶቻቸውስ? ብለሽ ጠይቂያቸው።»

እንዳለችኝ አድርጌ ጻፍኩት። እስካሁን ከየአገሩ እየመለሱላት ነው።